ቸርችል ነፃ አውጪ ወይስ ቅኝ ገዢ? ከድሬዳዋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የጠያቂው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ፣ አያታቸው «እንግሊዝ ከጣልያን አላቀቀን» እያሉ የቸርችልን ስም በበጎ ሲያነሡ መስማታቸውን፣ ልጃቸው ደግሞ ሰሞኑን «ቸርችል በቤንጋል ሦስት ሚሊዮን ሰው በረሃብ የፈጀ ዘረኛ ነበር» እያለ እንደሚሞግታቸው ገልጸው፣ «ከሁለቱ ማንን ልመን? በአዲስ አበባ መሐል ጎዳና በስሙ መጠራቱስ ተገቢ ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አያትዎም ልጅዎም የያዙት ነገር መሠረት አለው። ሁለቱም ግን ቸርችልን ለሁለት ከፍለው አንዱን ግማሽ ብቻ ነው የያዙት። የጦርነቱ መሪና የቅኝ ግዛቱ ሰው ሁለት የተለያዩ ቸርችሎች አልነበሩም። ሰውየው ሂትለርንና ሙሶሊኒን በጽናት የተዋጋው የእንግሊዝን ኢምፓየር ለማዳን ጭምር ነበርና፣ እኛን ከፋሽስት እጅ ያወጣው ውሳኔና ኦጋዴንን ለዓመታት በእንግሊዝ እጅ ያቆየው ውሳኔ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። ይህን ለማየት ሕንድ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም፤ ከድሬዳዋ እስከ ሐውድ (ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ ጋር እስከሚዋሰነው የግጦሽ ምድር) ያለው የእኛው አካባቢ ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሰጣል። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍሁ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቸርችል ራሱም አቋሙን አልሸሸገም። በኖቬምበር 1942፣ ከኤል አላሜን ድል በኋላ ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የእንግሊዝ ኢምፓየር ሲፈርስ በኃላፊነት ቆሞ ለማየት እንዳልሆነ በይፋ ተናግሯል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ያወጣው የአትላንቲክ ቻርተር፣ ሕዝቦች ሁሉ የሚተዳደሩበትን መንግሥት የመምረጥ መብት እንዳላቸው ሲያውጅ፣ ብዙ ሕንዳውያንና አፍሪካውያን ቃሉ ለእነርሱም የተነገረ መስሏቸው ነበር። ቸርችል ግን ወር ሳይሞላ ፓርላማ ቀርቦ፣ አንቀጹ በዋነኛነት የታሰበው በናዚ ቀንበር ሥር ለወደቁት የአውሮፓ አገሮች መሆኑንና በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ያሉ ሕዝቦች ጉዳይ ለብቻው የሚታይ መሆኑን አስረዳ።

ከእኛ አካባቢ ጋር የተዋወቀውም ከጦርነቱ ብዙ ዓመታት በፊት ነው። በ1898 የ23 ዓመት መኮንን ሳለ ኦምዱርማን ላይ ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ውጊያ በፈረሰኛነት ተሰልፏል፤ በዚያች አንዲት ቀን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሱዳናውያን አልቀዋል። የሚገርመው ግን፣ ያው ወጣት መኮንን የገዛ አዛዡ ኪችነር የደርቡሾቹን ንቅናቄ መሥራች የማሕዲን መቃብር በማስፈረሱ በጽሑፍ ነቅፎታል፤ ይህ ዓይነቱ መደባለቅ በሕይወቱ ሙሉ አልተለየውም። በ1907 የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ምክትል ሆኖ ምሥራቅ አፍሪካን ሲጎበኝ በርበራ ላይ ወርዶ፣ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ የመሐል አገሩ ከሚያስገኘው ይልቅ የሚያስወጣው ስለሚበልጥ ጦሩ ወደ ባሕር ጠረፍ ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይኸው ተፈጸመ። በጃንዋሪ 1920 ደግሞ የጦርና የአየር ኃይል ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ያህል ለእንግሊዝ አልበገር ባሉት በሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ላይ 12 የጦር አውሮፕላኖች ተሰማሩ። የጣሌህ ምሽግ በሳምንታት ውስጥ ወደቀ፣ ሰይድም ወደ ኦጋዴን ሸሽተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢሚ ላይ አረፉ። ብዙ ሕዝብን በጥቂት ወጪ ከሰማይ መግዛት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ለእንግሊዝ ባለሥልጣናት ተጨባጭ መስሎ የታየው ከዚህ ዘመቻ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ፣ በሰይድ ላይ በተደረጉት ቀደምት ዘመቻዎች በ1901 ከሐረር የተነሣ የምኒልክ ጦርም ከእንግሊዝ ጋር ተባብሮ ዘምቷልና፣ ነገሩን የእንግሊዝ ብቻ አድርገን ብንተርከው ለራሳችን ማዳላት ይሆናል።

ልጅዎ ምናልባት ስለ መርዝ ጋዝም አንሥቶልዎት ይሆናል። ቸርችል በሜይ 1919 በጻፈው ማስታወሻ «ባልሠለጠኑ ጎሣዎች» ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀምን አጥብቆ እንደሚደግፍ ገልጿል፤ ቃሉ አለ፣ ማስተባበል አይቻልም። ሙሉውን ማስታወሻ ያነበበ ሰው ግን በዋነኛነት የሚያወራው ዓይን ስለሚያስለቅስና ለጊዜው ስለሚያሽመደምድ ጋዝ መሆኑን ያያል። ማይጨው ላይና በኦጋዴን ግንባር የፋሽስት አውሮፕላን ያዘነበው፣ ቆዳን የሚልጥና ሳንባን የሚያቃጥለው የሰናፍጭ ጋዝ ከዚህ የተለየ ነው። ሁለቱን ደምሮ ማቅረብ የእኛን ሙታን ያሳንሳል። ይሁንና «ባልሠለጠኑ» የምትለዋን ቃል ምንም ማብራሪያ አያለዝባትም፤ በአእምሮው ውስጥ የሰው ልጅ በደረጃ የተከፈለ እንደነበር በግልጽ ታሳያለች።

ስለ ሙሶሊኒ የነበረው አመለካከትም አያትዎ የሚያስቡት ዓይነት አልነበረም። በጃንዋሪ 1927 ሮም ላይ ለጋዜጠኞች ሲናገር ዱቼውን አወድሷል፤ ፋሽዝምን ያየውም ለኮሙኒዝም መድኃኒት አድርጎ ነው። በ1935 ጣልያን ሲወርረን ደግሞ ዋና ጭንቀቱ ጀርመን ነበረች፤ ሙሶሊኒን ክፉኛ ማስቆጣት ከሂትለር ጋር ያወዳጀዋል ብሎ ይሰጋ ስለነበር በእኛ ጉዳይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልተሟገተልንም።

ታዲያ የአያትዎ ምስጋና ከምን የመነጨ ነው? እኔ እንደማየው ዋናው ምክንያት በ1941 ስለ ኢትዮጵያ ከወሰነው ይልቅ በሜይ 1940 ስለ እንግሊዝ የወሰነው ነው። ፈረንሳይ በመፈራረስ ላይ ሳለች፣ ከሜይ 26 እስከ 28 በጦር ካቢኔው ውስጥ በተደረገው ክርክር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሊፋክስ በሙሶሊኒ አስታራቂነት የሰላም ድርድር ይሞከር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ጣልያን ለአስታራቂነቷ ዋጋ ትጠይቅ ነበር፤ አዲስ አበባን የያዘ መንግሥት ደግሞ በዚያ ጠረጴዛ ላይ አዲስ አበባን እንዲለቅ የሚያስገድደው ማንም አልነበረም። ቸርችል በዚያች ሰዓት ስለ ኢትዮጵያ አንዲት ቃል ማሰቡን የሚያሳይ ነገር የለም፤ ነገር ግን «አንደራደርም» በማለቱ ብቻ የእኛ ነፃነት በር ሳይዘጋ ቀረ። ከዚያ በኋላማ በዲሴምበር 1940 የንጉሠ ነገሥቱ ፍላጎት እንዲሟላ ጥረት ይደረግ ብሎ ጽፏል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጃንዋሪ 1941 ከሱዳን ድንበሩን ተሻግረው አገራቸው ሲገቡም መንግሥቱ ከጎናቸው ነበር። ይህ ሊካድ አይገባም።

በእኛ በምሥራቁ በኩል የሆነው ደግሞ ጠጋ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። በኦገስት 1940 የሐረር ገዢ የነበረው ጄኔራል ናሲ ሠራዊቱን ከጅግጅጋ በኩል አዝምቶ የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ያዘ፤ እንግሊዞች በሥርዓት አፈግፍገው በበርበራ በኩል በመርከብ ወጡ። ቸርችል ክፉኛ ተቆጣ፤ የሟችና የቁስለኛው ቁጥር ከ300 በታች መሆኑን አይቶ ወታደሩ በቅጡ አልተዋጋም ወደሚል ጥርጣሬ አዘነበለና፣ የጦሩ አዛዥ ከሥራ ታግዶ እንዲመረመር ጠየቀ። የመካከለኛው ምሥራቅ ዋና አዛዥ ጄኔራል ዌቭል ግን አልተቀበለም፤ የሥጋ ቤት ሒሳብ መብዛት የግድ የጥሩ ስልት ምልክት አይደለም ሲል በቴሌግራም መለሰ። ቸርችል ይህችን መልስ አልረሳትም ይባላል። የዌቭልን ስም እርስዎም እንዳይረሱት አደራ፤ ወደ ቤንጋል ስንሄድ እዚያም እናገኘዋለን።

በሰባት ወሩ ነገሩ ተገለበጠ። የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ከኬንያ ተነሥቶ፣ ሞቃዲሾን ይዞ ጅግጅጋ ደረሰ፤ የማርዳንና የባቢሌን ማነቆዎች ሰብሮ ሐረርን መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋን ደግሞ መጋቢት 20 ቀን ያዘ። ሐረር የገባው ብርጌድ የናይጄሪያ ነበር፤ የደንገጎን ቁልቁለት ጣልያን በድማሚት ያፈረሰውን መንገድ አልፈው ድሬዳዋ የደረሱት ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ናቸው። በነዚያው ቀናት ከረን ላይ የጣልያንን ዋና ምሽግ ከሰበሩት መካከል የሕንድ ክፍለ ጦሮች ይገኙበታል። «እንግሊዝ አላቀቀን» ስንል እንግዲህ፣ በአገር ውስጥ ለአምስት ዓመት ጫካ ለጫካ የተዋደቁትን አርበኞች መዝለላችን አንድ ጥፋት ሆኖ፣ ራሳቸው ነፃ ያልወጡ የካኖና የፑንጃብ ልጆች ለእኛ ነፃነት መሞታቸውን መርሳታችን ሌላ ጥፋት ነው። በኢምፓየሩ የተገዛ ሕዝብ በኢምፓየሩ ባንዲራ ሥር ዘምቶ ሌላ ሕዝብ ነፃ ያወጣበት ነገር ነውና፣ ቸርችልን በአንድ ቃል መበየን የሚያስቸግረው ይህ ነው።

ድል የተገኘው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ሙሉ ነፃነት ግን አብሮት አልመጣም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ እንግሊዝ ኢትዮጵያን እንደ ተማረከ የጠላት ግዛት ታስተዳድር ነበር። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት የኢትዮጵያን ነፃነት ቢያውቅም፣ የእንግሊዝ ሚኒስትር ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቅድሚያ እንዲኖረው፣ በመሥሪያ ቤቶች የእንግሊዝ አማካሪዎች እንዲመደቡ፣ በፍርድ ቤትም የእንግሊዝ ዳኞች እንዲሰየሙ የሚያደርግ ነበር። ለእኛ ከተማ ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው ክፍል ነው፤ የምድር ባቡሩ መሥመር፣ ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር የሚዋሰነው መሬት፣ ኦጋዴንና ሐውድ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቀሩ። የድሬዳዋ ሕይወት የባቡሩ ሕይወት በነበረበት በዚያ ዘመን የከዚራው ጣቢያ በማን ትእዛዝ ይሠራ እንደነበር ማሰብ፣ ነፃነቱ ምን ያህል ሙሉ እንደነበር ያሳያል። በገበያውም ከጠገራ ብር ጎን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘዋወር ነበር፤ የራሳችን የወረቀት ብር የወጣው በ1937 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ ቸርችል በግሉ ተቀምጦ አቀደው ማለቴ አይደለም። ዝርዝሩን የሠሩት እንደ ሰር ፊሊፕ ሚቼል ያሉ፣ በኬንያና በዩጋንዳ ዓይን ኢትዮጵያን የሚያዩ ሹማምንት ናቸው፤ እንዲያውም ንጉሠ ነገሥቱን በማክበር በኩል ለንደን ከእነርሱ የተሻለ ነበር ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ካቢኔው የእርሱ ነበር፤ የተፈረመውም በእርሱ መንግሥት ስም ነው። በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ባቡሩን አስለቀቀ፤ ኦጋዴንና ሐውድ ግን አሁንም እዚያው ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በፌብሩዋሪ 1945 ግብፅ ድረስ ሄደው በመጀመሪያ ከሩዝቬልት፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ከቸርችል ጋር ተገናኙ፤ ወዳጅነታቸውን ወደ አሜሪካ ማዞራቸውን ያበሰረው ይኸው ጉዞ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የበለጠ የተወሳሰበ ነው። ቸርችል በጁላይ 1945 በምርጫ ተሸንፎ ወረደ። ሶማሌ የሚኖርበትን ምድር ሁሉ በአንድ አስተዳደር የመጠቅለሉን ዕቅድ በ1946 ያቀረበው የተተኪው የሌበር ፓርቲ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቪን እንጂ ቸርችል አይደለም፤ ጅግጅጋን ጨምሮ አብዛኛው ኦጋዴን የተመለሰውም በ1948 በሌበር ዘመን ነው። ሐውድ ግን ቆየ። ቸርችል በ1951 ወደ ሥልጣን ተመልሶ ነበርና፣ በኦክቶበር 1954 ንጉሠ ነገሥቱ ለንደንን በይፋ ሲጎበኙ ከተቀበሏቸው አንዱ እርሱ ነበር፤ በቀጣዩ ወር ስምምነቱ ተፈረመ፣ የካቲት 21 ቀን 1947 ዓ.ም. ሐውድ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ይህ ቸርችል ከሥልጣን ሊሰናበት አንድ ወር ያህል ሲቀረው ነው።

እንግዲህ ይህ ውሳኔ ለአዲስ አበባ ፍትሕ ነበር። ለሐርጌሳ ግን ክህደት ነበር። የሶማሌ ጎሣዎች በ1880ዎቹ ከእንግሊዝ ጋር የጥበቃ ውል ሲፈርሙ የግጦሽ መሬታቸው ለሌላ ይሰጣል ብለው አላሰቡም፤ በ1897 ግን የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ እዚሁ ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር ተቀምጦ ወሰኑን ሲያሰምር ሐውድ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በ1955 የሶማሌ ሽማግሌዎች ለንደን ድረስ ሄደው ሲያመለክቱ፣ የቸርችል የቅኝ ግዛት ሚኒስትር በ1897ቱ ውል እንደሚያዝን ገልጾ፣ ይሁን እንጂ ሊሻር እንደማይችል ተናገረ። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ታሪክ አንዱ ቤተሰብ በደስታ፣ ጎረቤቱ በቁጭት ሊያወራው ይችላል፤ ሁለቱም የሚያወሩት የሆነውን ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ክስ ልምጣ። የቤንጋል ረሃብ የደረሰው በ1943 ነው። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሟቹን ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን አድርጎት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ያደርሱታል፣ ከዚያም በላይ የሚሉ አሉ። መነሻው አንድ አልነበረም። ጃፓን በ1942 በርማን ስትይዝ ከዚያ ይገባ የነበረው ሩዝ ተቋረጠ፤ በኦክቶበር ብርቱ አውሎ ነፋስ ሰብሉን መታ፤ ጦሩ ጃፓኖች እንዳይጠቀሙበት በማለት በጠረፉ አካባቢ የሕዝቡን ጀልባና የሩዝ ክምችት ወሰደ፤ የጦርነቱ ወጪ ዋጋውን አናረው፤ ነጋዴው እህል ደበቀ፤ ሌሎቹ የሕንድ ክፍላተ ሀገርም እህላቸውን እንዳይወጣ ዘጉ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የቤንጋልን ረሃብ ከእኛው የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጋር አብሮ ያጠናው በከንቱ አይደለም፤ በሁለቱም ስፍራ ሰው ያለቀው እህል ጨርሶ ስለጠፋ ሳይሆን ድሃው እህሉን የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው።

ስለዚህ «ቸርችል ረሃቡን ፈጠረው» የሚለው አባባል አይቆምም። የሚቆመው ሌላ ነው፤ ረሃቡ ከታወቀ በኋላ ምን አደረገ? ከኦገስት 1943 ጀምሮ የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሊዮ ኤመሪ ካቢኔውን እህል የሚያመጣ መርከብ ደጋግሞ ለመነ፤ ካቢኔው ከተጠየቀው ጥቂቱን ብቻ ፈቀደ። በእርግጥ መርከብ እጥረት ነበር፤ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ብዙውን አስጥመዋል፣ ለአውሮፓው ወረራም ዝግጅት ነበር። ይሁንና ያለውን መርከብ ለማን ማስቀደም እንደሚገባ ሲወሰን ለእንግሊዝና ለአውሮፓ የሚሆን መጠባበቂያ እህል ከቤንጋል ሬሳ በላይ መዘነ። ኤመሪ በዕለት ማስታወሻው እንደመዘገበው ቸርችል ስለ ሕንዶች በካቢኔ የሚናገረው የምሬትና የንቀት ቃል ነበር።

ዌቭልን የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። ያ በሶማሌላንድ የወታደሩን ሕይወት ባለማባከኑ የተወቀሰው ጄኔራል በኦክቶበር 1943 በሕንድ የእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ ሆኖ ደልሂ ገባ፤ ወዲያው ካልካታ ሄዶ ሁኔታውን በዓይኑ አየና፣ እህል የሚያድለውን ሥራ ለጦሩ ሰጠ። ከዚያም ከለንደን ጋር ወራት የፈጀ ሙግት ገጠመ፤ እህል ካልመጣ ኃላፊነቱን አልወስድም እስከ ማለት ደረሰ። በመጨረሻ ቸርችል ራሱ በኤፕሪል 1944 መርከብ እንዲያበድረው ሩዝቬልትን ጠየቀ፤ ሩዝቬልት አልቻልሁም አለ። ይህ ጥያቄ ለቸርችል ጠበቆች ዋና ማስረጃቸው ነው፤ እኔም ልመናው ከልብ አልነበረም አልልም። ነገር ግን የመጣው ሕዝቡ በገፍ ካለቀ በኋላ ነው፤ ተመሳሳይ ልመና በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር 1943 ለምን አልተላከም የሚለውን ጥያቄ የመለሰልኝ ጠበቃ እስካሁን አላገኘሁም። ፍርዴን ከጠየቁኝ፣ ይህ ሆን ብሎ ሕዝብ መፍጀት አይደለም፤ ሊያድነው ይችል ከነበረው ሕዝብ መካከል ብዙውን፣ ሕይወቱ ሚዛን አይደፋም ብሎ ማሳለፍ ግን ነው። ልጅዎ ይህን ከያዘ ማንም አያሸንፈውም፤ «ፈጀ» ካለ ግን የመጀመሪያው ጠንቃቃ ተከራካሪ ይረታዋል።

ስለ ኬንያም አንድ ቃል ልጨምር፤ የማው ማው አመፅን ለመደምሰስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የወጣው በኦክቶበር 1952፣ በቸርችል ሁለተኛ ዘመን ነው። በማጎሪያ ካምፖቹ ለተፈጸመው ስቃይ የእንግሊዝ መንግሥት በ2013 ሐዘኑን ገልጾ ከ5 ሺህ ለሚበልጡ ኬንያውያን ካሣ ከፍሏል።

«የዘመኑ ሰው ነበር፣ በዛሬ ሚዛን አይመዘን» የሚል መከራከሪያ ይቀርብልዎታል። ሐሳቡ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ እኛም ምኒልክን ወይም ቴዎድሮስን ስንመዝን እንጠይቀዋለን። በቸርችል ጉዳይ ግን አይረዳውም፤ ምክንያቱም የነቀፉት የዘመኑ ሰዎች ናቸው። ኤመሪ የራሱ ፓርቲ ሰው፣ የኢምፓየሩም ጽኑ ደጋፊ ነበር፤ ያም ሆኖ በ1944 በማስታወሻው ላይ በሕንድ ጉዳይ የቸርችልን አመለካከት ከሂትለር ጋር እስከ ማነጻጸር ደርሷል። ዌቭልም ወታደርና የኢምፓየር አገልጋይ ነበር። ሕንድን በ1947 የለቀቀው አትሊ በጦርነቱ ዘመን የቸርችል ምክትል ነበር። በያኔው ሚዛንም ቢሆን፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ የተሻለ የሚያዩ ሰዎች ተቀምጠው ነበር።

የጎዳናውን ስም በተመለከተ፣ የእኔ ሐሳብ ይቆይ የሚል ነው። ያ ስም ኢትዮጵያ በአንድ ወቅት ከማን ጋር እንደቆመችና ማንን ለማመስገን እንደመረጠች ይመሰክራል፤ መነሣቱ ያንን ታሪክ አያጠራውም። የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ከባቢሌ እስከ ደንገጎ በዚያ መጋቢት ለወደቁት ናይጄሪያውያንና ለባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም በዚሁ አካባቢ ለተሠዉት የእኛ አርበኞች መታሰቢያ የሚሆን ስም በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ አንድ መንገድ ቢሰጣቸው ደስ ይለኛል። ለአያትዎና ለልጅዎ ይህን ጽሑፍ አብረው ያንብቡላቸው፤ በሐውድ ጉዳይ የሚከራከር ሶማሌ ጎረቤት ካለዎትም እርሱንም ይጥሩት።